ልጨምር ወይስ ይብቃኝ

ካርታ ተጫዋች ሲሸነፍ «ተበላሁ» ነው የሚለው። ያሸነፈው ደግሞ «በላሁት» ይላል። ዛሬ የማወራችሁ ጨዋታ ይህን አነጋገር ቃል በቃል የወሰደ ነው። ፍሬ ትለቅማለህ። ጅብ ይመጣል። ትበላለህ። ሕጉ ለሰባት ዓመት ልጅ በሁለት ደቂቃ ይገባዋል። ከሥሩ ያለው ሒሳብ ግን እኔን ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። አክስቴ ደግሞ አንድም ቁጥር ሳትጽፍ ነው የምትበላኝ።

ቦታው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚራ፣ የአክስቴ ግቢ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚራ ከዚያ በኋላ መንገዱ በቀጥታ መስመር የተቀየሰለት፣ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጆች ጥላ ሥር ይደረደራሉ፣ ከተማው ሁሉ ጋደም ይላል። እኛ ግን ከኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን። በረዶ የገባበት ሮቃ ይመጣል፤ ሌላ ቦታ ሁመር የሚሉት ጎምዛዛ የፍሬ መጠጥ ነው። አንድ ሰፌድ የባቢሌ ለውዝ መሃል ይቀመጣል። ካርታው ይበወዛል።

ሕጉ ይኸውላችሁ። ተራ ካርታ ውሰዱ፣ 52ቱን። ጆከር አያስፈልግም። ኩዊኖቹን አውጡ። አሶቹንም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓቸው፣ በኋላ እንመለስባቸዋለን። የቀረው 44 ካርታ ነው። ከ2 እስከ 10 ያሉት 36 ካርታዎች ፍሬ ናቸው። ልቡ ማንጎ፣ ዳይመንዱ ዘይቱን፣ ጥቁሮቹ ደግሞ ጊሽጣና ቁርቁራ ናቸው። የፍሬው ዓይነት ለሒሳቡ ለውጥ የለውም፤ ልጆቹ እየጮኹ ስሙን እንዲጠሩ ነው። ኪንግና ጃክ፣ በድምሩ 8፣ ጅቦች ናቸው። ኩዊኖቹ የወጡት አክስቴ «ሴቷን ጅብ አላደርግም» ስላለች ነው። የባለ ነጥቡ ጅብ መንጋ አለቃ ሴቷ እንደሆነች ነግሬያታለሁ። አልሰማችኝም።

ተራህ ሲደርስ ከክምሩ ላይ አንድ አንድ ካርታ ታነሳለህ። ፍሬ ከሆነ ቁጥሩን ያህል ለውዝ ከሰፌዱ ቆጥረህ ዘንቢልህ ውስጥ ትጨምራለህ። ዘንቢሉ እኛ ቤት የፕላስቲክ ሳህን ነው። ከእያንዳንዱ ካርታ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ልጨምር ወይስ ይብቃኝ? «ይብቃኝ» ካልክ ዘንቢሉን ወደ ቤትህ ትገለብጣለህ፤ ቤት የገባ ለውዝ ማንም አይነካውም። ጅብ ካነሳህ ግን በዘንቢሉ ያለው በሙሉ ወደ ሰፌዱ ይመለሳል፣ ተራህም ያልፋል። የወጣ ካርታ ክምሩ ተሟጦ እንደገና እስኪበወዝ ድረስ አይመለስም። ይህቺን ሕግ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች። መጀመሪያ 100 ያስገባ አሸነፈ።

አንድ ተጨማሪ ሕግ አለን፤ በወንድሜ ልጅ ምክንያት የወጣ። የበላኸው ለውዝ ነጥብህ አይደለም።

ጨዋታው መጀመሪያ ስሙ «ደቻቱ» ነበር። ጅብም አልነበረበትም፤ ኪንግና ጃኩ ደራሽ ውሃ ነበሩ። ለድሬ ልጅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም ብዬ ነው። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ከዚራ ወዲህ፣ መጋላ ወዲያ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ችግሩ፣ ዝናቡ እዚህ ሳይጥል ውሃው ሊመጣ መቻሉ ነው። ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከዚያ ድንገት ደራሹ ይወርዳል። «ትንሽ ልቆይ ወይስ ልውጣ» ለሚል ጨዋታ የተፈጠረ ቦታ መሰለኝ።

አክስቴ ሁለት ዙር ተጫወተች። ሦስተኛው ላይ ካርታውን አስቀመጠች።

«በዚህ አይቀለድም።»

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እሷ ያን ሌሊት እዚሁ ነበረች። ሌላ አላብራራችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሮቃዋን ጠጥታ ስትጨርስ «ጅብ አድርገው» አለችኝ። «ጅብ ቢያንስ ይስቃል።»

በኋላ ሳስበው ሐዘኑን እንኳ ትተን በሒሳቡም ልክ ነበረች። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፍራንክ ናይት በ1921 እ.ኤ.አ. ሁለት ነገሮችን ለይቶ ነበር። አንደኛው ልትቆጥረው የምትችለው አደጋ ነው፤ ስንት ጅብ ክምሩ ውስጥ እንዳለ ታውቃለህ። ሁለተኛው ከነጭራሹ ልትቆጥረው የማትችለው ነው፤ ዛሬ ማታ ተራራው ላይ ስንት ይዘንባል? ካርታ የመጀመሪያውን ያስተምራል። ሁለተኛውን አያስተምርም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ካርታ ላይ ያገኘውን ድፍረት ይዞ አሸዋው ላይ ይተኛል።

እንግዲህ ወደ ጅቡ።

ጥያቄው መቼ ላቁም ነው። ብዙ ሰው በሆዱ ነው የሚመልሰው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለት ካርታ አንስተው ያቆማሉ፣ ሁልጊዜ። «ፈሪ ለእናቱ» ይላሉ ዘንቢላቸውን እየገለበጡ። የወንድሜ ልጅ ደግሞ አያቆምም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለእሱ ነው። ስለዚህ ተረትና ምሳሌው ለሁለቱም ይበቃል፤ መልስ ግን አይሰጥም። መልሱን የሚሰጠው ክምሩ ነው።

ሒሳቡን ያለ ፐርሰንት ላሳያችሁ። ጨዋታው አሁን ተጀመረ እንበል። 7፣ 9 እና 4 አነሳህ። ዘንቢልህ ውስጥ 20 ለውዝ አለ። ልጨምር?

ክምሩን በሐሳብህ ገልብጠህ ምንጣፉ ላይ ዘርጋው። ከ2 እስከ 10 ሲደመር 54 ነው፣ በአራት ሲባዛ 216። የፍሬው ሁሉ ድምር ይህ ነው። አንተ 20 ወስደሃል፤ 196 ቀረ። ጅቦቹ ስምንቱም እዚያው አሉ። ቀጣዩ ካርታ ከነዚህ አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ካርታ በየተራ «አንተ ብትሆንስ?» ብለህ ጠይቀው። ፍሬዎቹ ሁሉ ተራቸውን ቢያገኙ በጠቅላላ 196 ይሰጡሃል። ጅቦቹ ሁሉ ተራቸውን ቢያገኙ እያንዳንዳቸው 20ህን ይወስዳሉ፤ 8 ጊዜ 20፣ 160። 196 ከ160 ይበልጣል። አንሳ።

6 መጣልህ። ዘንቢልህ 26 ሆነ፣ የቀረው ፍሬ 190። ጅቦቹ አሁን 8 ጊዜ 26 ይወስዳሉ፣ 208። 190 ከ208 ያንሳል። በቃህ። ግባ ቤትህ።

ነገሩ ይኸው ነው። አጠር አድርጎ መያዝ ለሚፈልግ፦ የቀረውን ፍሬ ለቀሩት ጅቦች አካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር ከዘንቢልህ በላይ ከሆነ ጨምር፣ ካነሰ አቁም። አዲስ በተበወዘ ክምር ላይ ሚዛኑ የሚገናኘው 24 ላይ ነው። 216 ሲቀነስ 24፣ 192፤ ለ8 ሲካፈል፣ 24።

አንድ ጠያቂ አንባቢ እዚህ ላይ ጣት ያወጣል። «የምታየው ቀጣዩን አንድ ካርታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በብዙ ጨዋታ አንድ እርምጃ ብቻ ማየት ያሳስታል። እዚህ ግን አያሳስትም። በራስህ ተራ ውስጥ በተጨመረ ካርታ ቁጥር ዘንቢልህ እየከበደ፣ የቀረው ፍሬ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ጅቦቹ ደግሞ አይቀንሱም፤ አንዱ ከወጣ ተራህ አብሮ አልቋል። ስለዚህ አንዴ የማያዋጣ የሆነ ነገር ከዚያ ወዲያ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ሥሌቱ እኛ ግቢ አልተፈለሰፈም። ሁለቱ ፈረንሳውያን ፓስካልና ፌርማ በ1654 እ.ኤ.አ. የተቋረጠ ቁማር ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል በሚል ደብዳቤ ሲጻጻፉ ነው መሠረቱ የተጣለው። በሉዶ ዳይስ የሚጫወቱት የጅብ ጨዋታችን ታላቅ ወንድምም አለ። ዳይሱን ደጋግመህ ትጥላለህ፣ ትደምራለህ፣ 1 ከመጣ የሰበሰብከው ይጠፋል። አሜሪካዊው የካርታ ባለሙያ ጆን ስካርን በ1945 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ስሙ «አሳማ» ስለሆነ እኛ ሰፈር በስሙ አልጠራውም። ሒሳቡ ግን ያው ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ጥሩ ገጾች ድምራቸው 20፣ መጥፎው አንድ፤ 20 ለ1 ሲካፈል 20። እዚያ 20 ላይ ይቆማል።

አሁን መራራው ክፍል። በትክክል ተጫውተህም ብዙ ጊዜ ትበላለህ። ፍሬ በአማካይ 6 ነውና 24 ለመድረስ አራት ካርታ አካባቢ ያስፈልግሃል። ከአዲስ ክምር አንድ ካርታ አንስተህ ጅብ የማታገኘው ከመቶ 82 ጊዜ ነው። ሁለት ካርታ 67። ሦስት 54። አራት 43። አየኸው? አራት ካርታ ላንሳ ብለህ ከተነሳህ ከግማሽ በላይ ጅብ ነው የሚያስተናግድህ። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ሲበላ «ሒሳብህ ውሸት ነው» ብሎ ወደ ጋሼ ሰልፍ ይገባል።

ውሸት እንዳልሆነ ለማየት የጋሼን ገቢ እንቁጠር። ሁልጊዜ ከአዲስ ክምር እናንሳ ብንል፣ አንድ ካርታ ብቻ አንስቶ የሚያቆም ሰው ባዶ የገባበትን ተራም ደምረን በአማካይ ለአንድ ተራ 4.9 ለውዝ ያገኛል። ሁለት የሚያነሳው፣ ማለትም ጋሼ፣ 8 ያህል። ሦስት የሚያነሳው 9.7። አራት የሚያነሳው 10.4። አምስትም ያው 10.4። ስድስት ላይ ወደ 9.9 ይወርዳል። አሥር ካርታ ካላነሳሁ ብሎ ድርቅ የሚል ሰው 6 ገደማ ላይ ነው። ጋሼ እምብዛም አይበሉም። ግን አይደርሱም። አክስቴ 100 ስትገባ እሳቸው 70ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ አንድም ቀን አልተናደዱም።

እኔን ከቁጥሮቹ የገረመኝ ጫፉ አይደለም፤ ጫፉ ዝርግ መሆኑ ነው። በሦስትና በስድስት ካርታ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ለውዝ እንኳ አይሞላም። ደፋርም ሁን ጠንቃቃ፣ ከመሃሉ ብዙ እስካልራቅክ ድረስ ያው ነህ። ስለዚህ «24 ነው ወይስ 26» እያልክ ሰው አታስጠብቅ። አቦ፣ አንሳ ወይ አቁም!

አክስቴ የምትበልጠን ሌላ ቦታ ላይ ነው። እጇን ሳያት ነው የገባኝ።

አንድ ከሰዓት ጅብ በወጣ ቁጥር፣ የማንም ተራ ይሁን፣ ከድሪያዋ፣ ከሰፊ ቀሚሷ፣ እጥፋት ሥር አንድ ጣቷን ስታጥፍ አየኋት። ጅቦቹ ስምንት ናቸው። ከሁለቱ አውራ ጣቶች በቀር ጣቶቿም ስምንት ናቸው። ፍሬውን አትቆጥርም፤ የክምሩን ውፍረት በዓይኗ ትለካለች። በቃ፣ ማካፈሉ ይህ ነው። ክምሩ ወፍሮ ጣቶቿ ካለቁ ትደፍራለች። ክምሩ ሳስቶ ጣቶቿ ገና ቀጥ ብለው ከቆሙ አንድ ካርታ አንስታ ትሰበሰባለች።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ሕግ እዚህ ነው የሚፈለገው። የወጣ ካርታ አይመለስም። ስለዚህ ክምሩ ያስታውሳል። ዳይስ አያስታውስም፤ በእያንዳንዱ ውርወራ አዲስ ነው። በሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት በነሐሴ 1913 እ.ኤ.አ. የሩሌቱ ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ሰው «ከዚህ በኋላማ ቀይ ነው» እያለ ገንዘቡን አፈሰሰ። መንኮራኩሩ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። እዚያ ያለፈውን መቁጠር ከንቱ ነው። ካርታ ላይ ግን ያለፈውን አለመቁጠር ነው ከንቱው።

የሚገርመው ስሜታችን በሁለቱም ላይ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ከክምሩ 14 ፍሬ ወጥቶ ጅብ አንድ ብቻ ታይቷል እንበል። የወንድሜ ልጅ «ዛሬ ጅቦቹ ጾም ላይ ናቸው!» ይላል፣ ይደፍራል። እስቲ እናካፍል። የቀረው ፍሬ 130 ገደማ ነው፣ ጅቦቹ 7። እሱ የሚለቅመውም ከዚያው ይቀነሳል፤ 130 ሲቀነስ 16፣ 114፤ ለ7 ሲካፈል 16 ገደማ። ዘንቢሉ 16 ሲደርስ ማቆም ነበረበት። ጾም ላይ አይደሉም፣ እየተጠራቀሙ ነው። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ ይሉ የለ?

ተቃራኒውን እንይ። ክምሩ ገና ወፍራም ሳለ ስድስት ጅብ ተከታትሎ ወጣ። ግቢው ሁሉ ደነገጠ። ሁሉም አንድ ካርታ አንስቶ መሸሽ ጀመረ። ግን የቀረው ምንድን ነው? አሥር ፍሬ ወጥቷል ብንል 26 ፍሬ ቀርቷል፣ ድምሩ 156 ገደማ። ጅብ ሁለት ብቻ። 156 ሲቀነስ 52፣ 104፤ ለ2 ሲካፈል 52። እዚህ ላይ ዘንቢልህ 52 እስኪሆን ድረስ ማንሳት ያዋጣል! አክስቴ ጨዋታውን የምታሸንፈው በእንዲህ ያለው ተራ ነው፤ ሌላው በፍርሃት ሲያፈገፍግ እሷ ሰባት ስምንት ካርታ ትደረድራለች። እኛ «ዕድለኛ» እንላታለን። እሷም አትከራከርም።

ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳይተዋል። ሰው ያጣው ነገር ካገኘው በላይ ይከብደዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሆነ ገመቱ። ጋሼን በዚህ ዓይን ስመለከታቸው ሒሳባቸው ልክ ይመጣል። ጅብ የሚወስድባቸው 12 ለውዝ ለእሳቸው 24 ያህል ነው የሚያማቸው። በራሳቸው ሚዛን ሁለት ካርታ ላይ ማቆማቸው ትክክል ነው። እነዚሁ ሰዎች ሌላም አይተዋል፤ ሰው ኪሳራ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ይደፍራል፣ የተበላውን ለማስመለስ። የወንድሜን ልጅ ሁለት ጊዜ ጅብ ከበላው በኋላ ብታዩት ይገባችኋል። ሦስተኛውን ተራ በዓይኑ እንባ እያቀረረ ነው የሚያነሳው።

በዚህ ምክንያት ገንዘብ አናስገባም። ለውዝ ብቻ። እኛ ጋ ሰፌዱ ትርፍ አይቆርጥም፣ የሁላችንም ነው። ቁማር ቤት ግን ድርሻውን አስቀድሞ ከሒሳቡ ያነሳል፤ መቼ ማቆም እንዳለብህ ብታውቅም ሚዛኑ ወደ አንተ አይዞርም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ብዙ ለውዝ ልሰብስብ» ለሚል ሰው ነው። ጨዋታው ግን የለውዝ ብዛት አይጠይቅም፤ መጀመሪያ 100 የገባ ነው የሚያሸንፈው። መጨረሻው ሲቀርብ ስለዚህ ሒሳቡ ይቀየራል። አክስቴ 96 ላይ ናት፣ አንተ 58 ላይ። 24 ላይ አቁመህ 82 ብትገባ ምን ይጠቅምሃል? በሚቀጥለው ተራ እሷ አንድ ማንጎ አንስታ ጨርሳለች። እዚህ ላይ «እብደት» የሚመስለው ማንሳት ነው አስተዋዩ ነገር።

ይህን ወፎችም ያውቁታል። ቶማስ ካራኮና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ትንንሽ ወፎችን ሁለት ምርጫ ሰጧቸው። አንደኛው ቦታ ሁልጊዜ እኩል ጥሬ ይገኛል። ሌላው ቦታ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ባዶ፤ አማካዩ ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። የጠገቡት ወፎች እርግጠኛውን መረጡ። የተራቡት ደግሞ «ወይ ብዙ ወይ ባዶ» የሆነውን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌሊቱን በሕይወት ለማደር የተወሰነ ጥሬ ካስፈለገህና እርግጠኛው ቦታ እዚያ የማያደርስህ ከሆነ፣ እርግጠኛው ቦታ እርግጠኛ ሞት ነው።

ሐረር ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲያበሉ ስታዩ ይህን አስቡት። ሥጋው በአጭር እንጨት ላይ ነው፣ እንጨቱን የያዘው ሰው ነው፣ ዙሪያው መብራትና እንግዳ ነው። አንዱ ጅብ ቀጥ ብሎ መጥቶ ይነጥቃል። ሌላው ሁለት እርምጃ ቀርቦ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ወደ ጨለማው ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና። ስንት ቀን እንደራበው ብናውቅ ኖሮ የትኛው መቼ እንደሚቀርብ እንገምት ነበር። በእኛ ጨዋታ ጅቡ ካርታ ነው። እዚያ ግን ጅቡም ተጫዋች ነው።

አሶቹ ቀሩ። ጨዋታው ሲለመድ አራቱ አሶች ውሻ ሆነው ይገባሉ፣ ክምሩ 48 ይሆናል። ውሻ ካነሳህ ነጥብ የለውም፣ ግን ዘንቢልህ አጠገብ ይቀመጣል። ጅብ ሲመጣ ውሻው ያባርረዋል፤ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፣ ለውዝህ ይተርፋል። ውሻው የሚያገለግለው ለዚያው ተራ ብቻ ነው። ጅብ ከበላህ በኋላ ለሚመጣ ውሻ ሁላችንም አንድ ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» እንላለን፤ ይህኛው ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሻ እስካለህ ድረስ ማቆም የለም። ጅብ ቢመጣ የምታጣው ውሻውን ነው፤ ብታቆምም ውሻው ይቀርብሃል። ስለዚህ ቀጣዩ ካርታ በነፃ ነው። ጋሼ ግን ውሻ ይዘውም ሁለት ካርታ ላይ ያቆማሉ። «ውሻውንስ ለምን ላስበላው?» ይላሉ።

ያለፈው ሳምንት ጨዋታ ያለ ውሻ ነበር። አክስቴ 95፣ እኔ 74። ተራው የእኔ ነው። ጀምሬ ዘንቢሌ 22 ደርሷል፤ ብገባ 96። ሰባት ጅብ ወጥቷል። ያን ቀን እኔም ጣቴን እያጠፍኩ ነበር፣ ከነፍሬው። ክምሩ ላይ ዘጠኝ ካርታ አለ፤ ስምንት ፍሬ፣ ድምራቸው 41፣ አንድ ጅብ። ጅቡ የሚወስደው 22 ነው። 41 ከ22 ይበልጣል። ለዚያውም ብገባ በሚቀጥለው ተራ ትጨርሰኛለች። ሁሉም ነገር «አንሳ» ይላል።

አነሳሁ። ኪንግ።

አክስቴ እጇን ከድሪያዋ ሥር አወጣችና ስምንተኛውን ጣቷን ፊት ለፊቴ አጠፈችው። የወንድሜ ልጅ ከሳህኔ ለውዙን ወደ ሰፌዱ እየቆጠረ መለሰ፤ ሃያ ላይ አቆመ፣ ሁለቱን በልቷል።

«ተሳስቼ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ልክ ነበርክ» አለች። ሮቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና ከክምሩ ላይ ዘጠኝ ማንጎ አነሳች።